ስም የሌለው ቁልፍ

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልት በደከመበት፣
ታክሲ የመጨረሻ ሰው ጥሎ በሚዞርበት፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ልስኑ ባላለቀ ቤት፣
ድረ ገጽ እሠራለሁ፤
ነፋሱ በመስኮት አቧራ ሲያጎርሰኝ፣
ኪቦርዴን በጥርስ ብሩሽ እጠርጋለሁ።

መሥራት ማለት ለእኔ ያኔ መቅዳት ነበር፦
ከዚያ ገጽ ግድግዳ፣ ከዚህ ገጽ ደግሞ በር፣
ከሌላው የሚንሸራተት፣ የሚያብለጨልጭ ነገር፤
ለምን እንደቆመ አልጠይቅም፣ ከቆመ፤
በልጥፍ ላይ ልጥፍ ነበር መድኃኒቴ፣ ከዘመመ።

ታች መንገዱ ዳር ላይ ጋሽ ሸረፋ አሉ፣
በር፣ መስኮት፣ አጥር፣ ብረት ይበይዳሉ።
ማለቴ፣ ይበይዱ ነበር።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ያለ መነጽር፣
ያዩት ብልጭታ ሁሉ
ዓይናቸውን በጥቂት በጥቂቱ ወሰደው፣ እንደ ብድር።
አሁን በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ፤
መዶሻ ሲስት ከድምፁ ይለያሉ፤
"አንተ ልጅ፣ ያቺ ማጠፊያ ዘማለች" ይላሉ።

ገጽ ሥሪልኝ አሉኝ። ሦስት ሺህ ብር ቀብድ።
በሳምንቱ አመጣሁ፣ አጀብ የሚያሰኝ ጉድ፦
በሩ በምስል ሲከፈት፣ ፍንጣሪው ሲወርድ፣
ጀርባው ፍም የመሰለ፣ ዳሩ ወርቃማ ቀለም፤
ቁልፎቹ ሥዕል ብቻ ናቸው፣ ጽሑፍ የላቸውም፣
ጽሑፍ ያረጀ ነገር ነው ብዬ፣ አያምርም።
ልጃቸው አየና "ማሻ አላህ!" አለ።

እሳቸው ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ፤
ለእሳቸው ስልክ ያነባል፣ ጣታቸውን እየተከተለ።
"ምስል" አለ።
"ስም የሌለው ቁልፍ" አለ።
"ስም የሌለው ቁልፍ። ስም የሌለው ቁልፍ" አለ።
ማዘዣው ጋ ሲደርስ ጭራሽ ዘለለ፤
ቁልፍ የለበሰ ተራ ሳጥን ነበራ!
ማን ብሎ ይጥራው? ማን ብሎስ ይጠራ?

አልተቆጡም። ሳቁ።
"አየሽ ወይንሸት፣ ሰው በሬን ሊገዛ ሲመጣ
እጁ መጀመሪያ እጀታ ፍለጋ ነው የሚወጣ።
አንቺ የበር ሥዕል ሳልሽ፣ ግድግዳ ላይ፤
የሚያይ ሰው ይታለል ይሆናል፤ እኔስ ምን ልይ?"

ያን ለሊት መብራት ሄደ። ወደ ገላን ጅብ ጮኸ።
ባትሪዬ ሠላሳ ሁለት ከመቶ።
ባዶ ፋይል ከፈትኩ፤ የሰው ኮድ፣ የሰው ልጥፍ
ሁሉም ከደጅ ቀርቶ።
ኤችቲኤምኤል ብቻ። ርዕሱን ርዕስ፣
አንቀጹን አንቀጽ፣ ዝርዝሩን ዝርዝር፣
ቁልፉን ቁልፍ፤
ስም ማውጣት እንዲህ ይከብዳል ብሎ
ማን ነግሮኝ ነበር?
ባትሪው ሲሞት በሻማ ጻፍኩ፣
በኪራይ ደረሰኝ ጀርባ፣ በእስክሪብቶ፤
ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት መጣ፤
ከወረቀት ወደ ስክሪን ገለበጥኩት፣ ዓይኔ ቀልቶ።
ቀለም ሳይነካው፣ ራቁቱን፣ ገጹ ቆመ፤
እንዳልተቀባ ብረት ግራጫ፤ ግን አልዘመመ።

ሲኤስኤሱን በማግስቱ እንደ ልብስ በልኩ ሰፋሁ፣
ለጠባብ ስልክ ጠበብ፣ ለሰፊው ሰፋ፤
ጃቫስክሪፕት የፈለገው አንድ ቦታ ብቻ፦
ቁመት በወርድ አባዝቶ ዋጋ እንዲናገር፤
እዚያች ላይ አንዲት ቅንፍ ጠፍታ
ሁለት ቀን ፈለግኳት፣
ያለችው ዓይኔ ሥር ነበር።

ወሰድኩላቸው።
"ቁልፍ፦ በር ይዘዙ" አለ ስልኩ።
ተጫኑት። ቁመት አስገቡ። ወርድ አስገቡ።
ጠበቁ።
"ዋጋው ዘግየት ይላል" አሉ፣ "ዘይት ይፈልጋል።"
ቀሪውን ብር ቆጥረው ሰጡኝ፣
እያንዳንዱን ኖት በጣት እየዳሰሱ፤
እኔም ሥራዬ ገና እንዳላለቀ ገባኝ፤ ደስ አለኝ።

ስወጣ የሱቃቸውን በር ዘጋሁት።
ድምፅ የለውም።
ደጅ ቆሜ መልሼ ከፈትኩት፣
መልሼ ዘጋሁት።